አንባቢው ተከሳሽ አይደለም

ስለ ሥነ ጽሑፍ ጉባኤ በተጠራ፣ ስለ ኪነ ጥበብ ውይይት በተከፈተ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣ አንድ ክስ አለ፤ «ሕዝቡ ማንበብ ትቷል» የሚል። ደራሲው መጽሐፉ ከመጋዘን አልወጣ ሲለው ይህን ይላል። አሳታሚው ሒሳቡ አልገጥም ሲለው ይህንኑ ይደግማል። ሐያሲው አዲስ መጽሐፍ አንብቦ ፍርዱን መስጠት ሲታክተው ወደዚሁ ክስ ይሸሻል። ከሳሹ እንዲህ የበዛበት ነገር ምስክርም ሊበዛለት በተገባ ነበር፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ምስክር ሲቆም አልታየም። ተከሳሹም፣ ማለትም አንባቢው፣ ተጠርቶ ቃሉን የሰጠበት ችሎት የለም።

እንግዲህ አንባቢው ይጠራ። የሚጠራውም ከአዲስ አበባ የመጽሐፍ ምረቃ አዳራሽ ሳይሆን ከወልቂጤ ይሁን። መጽሐፍ በተመረቀበት ምሽት የሚያጨበጭብለት አያጣም፤ ዘመድም፣ ወዳጅም፣ ባልደረባም ያጨበጭባል። የአንድ ሀገር ሥነ ጽሑፍ ጤንነት የሚለካው ግን መጽሐፉ ከተመረቀበት አዳራሽ ርቆ፣ ደራሲውን በመልክ በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ነው።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና 150 ያህል ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚደርሱባት፣ የጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ28,000 የሚበልጥ ነዋሪ ተቆጥሮባታል፤ ከዚያ ወዲህም እጅግ ሰፍታለች። በ2004 ዓ.ም. በስሟ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ተቀብሎ ማስተማር ጀምሯል። መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው የሚተላለፉባት ከተማ ስለሆነች ፊደል የሚያውቅ ሰው አጣች ተብላ የምትታማ አይደለችም።

በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ መምህር ይታሰብ። መሰሉ በቡታጅራም፣ በእምድብርም፣ በሆሳዕናም፣ በደብረ ማርቆስም አለና ስም አያሻውም። ይህ መምህር በጋውን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲያርም የከረመ ነው። የሰኔ ፈተና ታርሞ፣ የውጤት ካርድ ታድሎ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ግን ዓይኑ ለራሱ ይመለስለታል። ሐምሌ ይገባል፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ የቤቱን ቆርቆሮ መደብደብ ይጀምራል፤ ወደ ገበያ የሚያወርደው መንገድ ይጨቀያል፤ ሰውም ወደየቤቱ ይሰበሰባል። ለሌላው ይህ የመሰልቸት ወራት ነው። ለእርሱ ግን የዓመቱ ሁሉ ቀለብ የሚሰነቅበት ወቅት ነው።

የክረምቱ ንባብ በዘፈቀደ የሚከናወን ነገርም አይደለም። መምህሩ ከግንቦት ጀምሮ «ማን ምን አለው?» እያለ ያጠያይቃል። አንዱን አዲስ ልብ ወለድ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በአውቶቡስ ይልክለታል። ሌላው ከአንድ ወዳጁ አባት ሣጥን የተገኘ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ የተለበጠ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛውን ለክረምት ኮርስ ዩኒቨርሲቲ የገባ ባልደረባው በውሰት ያገኝለታል። ውሰቱም ከነአደራው ነው፤ «ገጹን እንዳታጥፍብኝ፤ ነሐሴ ሳያልቅም መልስልኝ፤ ከአንተ ቀጥሎ የሚጠብቅ ሰው አለ» ተብሎ ይሰጠዋል። ተራ ጠባቂው ከነመኖሩ የሚታወቅ መጽሐፍ አንባቢ አጣ ሊባል አይችልም።

ማታ ማታ ደግሞ ንባቡ ከአንድ ሰው ዓይን ወጥቶ የቤተሰቡ ይሆናል። የመምህሩ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ልብ ወለድን ግን በጆሯቸው ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከበት ዘመን ሬዲዮ ባለበት ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያዳምጥ እርሳቸውም ከሰሚዎቹ አንዷ ነበሩ። ስለዚህ ራት ተበልቶ እሳቱ ሲዳፈን፣ «እስቲ፣ ልጄ፣ ትናንት ካቆምክበት ቀጥልልኝ» ይሉታል። ልጁ ያነባል፤ እናት ያዳምጣሉ። አንድ ምሽት በአዲስ አበባ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ስለሚብሰለሰል ሰው የሚተርክ አዲስ ልብ ወለድ ሲነበብላቸው፣ ብዙ ከታገሡ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ሰው ጎረቤት የለውም እንዴ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ይህችን ጥያቄ የሚያህል ሒስ በስንት የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተሰምቷል?

«ማንበብ ቀርቷል» የሚለው ክስ የሚሳሳተው ከቆጠራው ይጀምራል። አሳታሚው የሚቆጥረው የተሸጠውን ቅጂ ነው። በወልቂጤ ያለ አንድ ቅጂ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም አምስት ስድስት እጅ ይዞራል፤ በየደረሰበት ቤት ደግሞ ከአንባቢው ሌላ ሰሚ አለው። በመዝገቡ ላይ ግን አንድ ተብሎ ይጻፋል። በቀደመው ዘመን በየከተማው መጽሐፍ በሳንቲም የሚያከራዩ ሰዎች እንደነበሩ፣ ከእነርሱም ተከራይቶ ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ጠዋት የሚመልስ ወጣት እንደነበረ የሚያስታውስ ብዙ ነው። ያ ወጣት በየትኛውም የሽያጭ ሒሳብ አልተመዘገበም። ዛሬ በመምህርነት፣ በደራሲነትና በኃላፊነት ወንበር ላይ ከተቀመጡት ውስጥ ግን በዚያ ኪራይ ያደጉት ጥቂት አይደሉም።

የወረቀትና የኅትመት ዋጋ መናር፣ የመጽሐፉም ዋጋ ከመምህር ደመወዝ ጋር አለመመጣጠኑ ሌላው እውነት ነው። መጽሐፍ መግዛት ያልቻለን ሰው ማንበብ ጠልቷል ማለት፣ ጤፍ መግዛት ያቃተውን ሰው እንጀራ ጠልቷል እንደማለት ነው።

ተከሳሹ አንባቢ መሆኑ ከታወቀ ዘንድ አሁን ደግሞ ፍርዱን ይስጥ። በክረምቱ ያነበባቸውን የቅርብ ዘመን ልብ ወለዶች እንዴት አያቸው?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በተደጋጋሚ ታትሞ እጅ በእጅ የተሸጠ መጽሐፍ ነው። ይህ ብቻውን የአንባቢ የለም ክስን ውድቅ ለማድረግ በበቃ ነበር፤ ብዙ ሐያስያን ግን መጽሐፉን ከመመርመር ይልቅ ንቀው ማለፍን መረጡ። የወልቂጤው መምህር አልናቀውም። በሁለት ሌሊት ጨረሰው፤ የልብ አንጠልጣይነቱን አደነቀ፤ በጣና ደሴት ገዳም ምሥጢር፣ በውጭ ሀገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትና በሰላዮች መካከል የተዘረጋውን ሤራ በጉጉት ተከተለ። መጽሐፉን ከከደነ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ያዘው። የኢትዮጵያ ተስፋ ሁልጊዜ የተደበቀ፣ በምሥጢር የተያዘ፣ ጥቂት ረቂቃን ብቻ የሚያውቁት ነገር የሚሆነው ለምንድን ነው? በየቀኑ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሥሌት የሚያስተምረውስ ሰው በዚህ ተስፋ ውስጥ ቦታው የት ነው? ከዚያ መጽሐፍ ወዲህ ርእሳቸው እንግዳ፣ ሤራቸው ረቂቅ የሆኑ ልብ ወለዶች ተከታትለው ሲወጡ የመጽሐፉን ጉልበት ሳይሆን መጋረጃውን ብቻ እንደወረሱ ታዝቧል።

የአዳም ረታ ሥራዎች ሌላ ዓይነት ፈተና ናቸው። «ግራጫ ቃጭሎች» በ1997 ዓ.ም.፣ «የስንብት ቀለማት» በ2008 ዓ.ም. ወጥተዋል። እነዚህን የሚያነብ ሰው የአማርኛን ቃላት እንደገና የሚማር ያህል ይሰማዋል፤ የዕቃው ሽታ፣ የምግቡ ጣዕም፣ የሰፈሩ ድምፅ ተለይቶ ይቀርብለታል። ሰውን በታላላቅ ሁነቶች ሳይሆን በጥቃቅን ነገሮች የሚያይ ደራሲ መሆኑን የክረምቱ አንባቢ ተረድቶታል። በጥድፊያ የሚነበብ ባለመሆኑም ለአንድ መጽሐፍ አንድ ክረምት ሰጥቶታል። እርሱን ያሳዘነው የደራሲው ሥራ ሳይሆን ቅርጹን ብቻ የሚኮርጁ ተከታዮች መብዛታቸው ነው። አዳም ታሪኩን የሚሰባብረው ብዙ ስላየ ነው፤ ኮራጁ ግን ምንም ሳያይ ይሰባብራል። አንባቢው ፍርስራሹን ሲያገላብጥ ከሥሩ ቤት አያገኝም።

ዓለማየሁ ገላጋይ በ«አጥቢያ» እና በ«ወሪሳ» የአዲስ አበባን የድኾች መንደር ከነቋንቋው፣ ከነስድቡና ከነፍቅሩ ወደ ሥነ ጽሑፍ አምጥቷል። በዚያ መንደር የሚኖር ሰው ራሱን በመጽሐፍ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። የወልቂጤው አንባቢም ይህን በአክብሮት ያነባል፤ በማግሥቱም ይቀናል። ቅናቱ የክፋት አይደለም። «ለእኛስ ሰፈር እንዲህ ያለ ዓይን መቼ ይመጣል?» የሚል ነው።

የመምህሩ ዋና አቤቱታ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ካነበባቸው የቅርብ ዘመን ልብ ወለዶች የሚበልጡትን በአንድ ካርታ ላይ ቢያሰፍር ካርታው አዲስ አበባ ኬላ ላይ ያልቃል። የክፍለ ሀገር ከተማ ከታየች የምትታየው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ ልጅነት ሆና። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ልጁ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ትዝታ ብቻ ትሆናለች። በእርሷ የቀሩት ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ በምን እንደሚጣሉ፣ ማንን እንደሚያፈቅሩ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የመጣው አዲስ ሕይወት ከአሮጌው ጋር እንዴት እንደተላተመ የሚጠይቅ የለም። ዛሬዋ የማይጻፍላት ከተማ የሞተች ትመስላለች። ወልቂጤ ግን አልሞተችም።

ከዚህ የሚብሰው የጉራጌ ሰው በቀላል ልብ ወለዱና በአስቂኝ ድራማው የሚቀርብበት መልክ ነው። ሱቅ ውስጥ ከሚዛን ጀርባ ይቆማል፤ አለዚያም የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ ይቀመጣል፤ አማርኛውን ሰብሮ ይናገራል፤ ሳንቲም ይቆጥባል፤ ተመልካች ይስቃል። ይህ ስድብ ነው ብሎ መጮህ አይበቃም። ከስድብም በላይ የሥራ ስንፍና ነው። ያ ሊስትሮ ከየት መጣ? ለመስቀል ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ይዞ ይሄዳል፣ ምንንስ ደብቆ ይሄዳል? እናቱ እንሰት ሲፍቁ ስለ እርሱ ለጎረቤቶቻቸው ምን ይላሉ? ያጠራቀማት ሳንቲም የማን የትምህርት ቤት ክፍያ ሆነች? ይህን ሳይጠይቅ የሰውየውን አነጋገር ብቻ የለቀመ ደራሲ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ አይባልም፤ ገበያ ላይ የሰማውን ቀልድ ገለበጠ እንጂ።

«ስለ ገጠርና ስለ ትንሽ ከተማ የሚጻፍ ልብ ወለድ አንባቢ አያገኝም» የሚል መልስ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ለዚህ መልስ ታሪክ ራሱ ምላሽ አለው። የጉራጌ ምድር ያፈራቸው ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በተማሩበት ዘመን በቸሃ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል አንድ ሥራ ጻፉ። የጉራጌን ቋንቋዎች በማጥናት የታወቁት ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሱትና በ1964 እ.ኤ.አ. «የሺነጋ መንደር» በሚል ርእስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ «አፈርሳታ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዳቸው በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት ውስጥ ታተመ። የመጽሐፉ ነገር ቀላል ይመስላል፤ የአንድ ገበሬ ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል፤ ያቃጠለውን ለማወቅ የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ ለአፈርሳታ ይቀመጣል። ከዚህች አንዲት ቃጠሎ ደራሲው የአንድን ኅብረተሰብ ሕግ፣ እምነትና ጭንቀት አውጥተው አሳይተዋል። የዓለም አንባቢ ስለ ጉራጌ መንደር የተጻፈን ልብ ወለድ አልሰለቸውም።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በእንግሊዝኛ መጻፉን ትቶ በጊኩዩ ቋንቋ የጻፈው የመጀመሪያው ልብ ወለድ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዓለም እንደ ታላቅ ሥነ ጽሑፋዊ አብዮት ቆጥሮታል፤ ተገቢም ነው። ይሁንና ከዚያ 16 ዓመት በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ በቸሃ የጻፈው ሥራ በትርጉም ለዓለም ደርሶ ነበር። በናይሮቢ የሆነውን በየጉባኤው የሚጠቅሱ የሀገራችን ምሁራን ስንቶቹ ይህን ይጠቅሳሉ? በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲካሄድ ቸሃ ከእነዚያ ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ «የሺነጋ መንደር» የተጻፈለት ሕዝብ ፊደል ሲቆጥር የቆጠረው በሌላ ቋንቋ ነው፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን መጽሐፍም ዓለም የሚያውቀው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሁሉ ትቶ «ለምን አታነብም?» ብሎ የሚወቅሰው ሰው አስቀድሞ «ምን ሰጠሁት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ከቦታው ቀጥሎ የዘመኑ ነገር አለ። በዓሉ ግርማ በ1974 ዓ.ም. የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ተመልክቶ በዓመቱ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ «ኦሮማይ»ን አወጣ። ያሳተመው የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። መጽሐፉ ግን ጥቂት ቀናት እንደቆየ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ኩራዝ በአንድ በኩል ብዙ ልብ ወለድ አሳትሞ አንድ ትውልድ አንባቢ ሲያሳድግ፣ በዚያው ዘመን መንግሥቱ ያንኑ መጽሐፍ ከአንባቢው እጅ ይቀማ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ለማወደስ ሌላውን መደበቅ አይገባም። የተቀማው መጽሐፍም አልጠፋም። በየሣጥኑ ተደብቆ፣ በውሰት ተላልፎ፣ እንደገናም ታትሞ ኖረ። በ2025 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሲወጣ የውጭው ዓለም እንደ አዲስ ግኝት ተቀበለው፤ የወልቂጤ አንባቢ ግን ሽፋኑ የተገነጠለውን ቅጂ ካነበበ ዘመን አስቆጥሮ ነበር።

የክረምቱ መምህር የዛሬዎቹን ልብ ወለዶች ከዚህ አንጻር ሲያያቸው የሚታዘበው አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ስለ አብዮቱ ዋዜማ፣ ስለ ቀይ ሽብር ይጻፋል። ያ ዘመን ሊጻፍ ይገባዋል፤ ገና ተጽፎም አላለቀም። ነገር ግን ያለፈ ዘመን መልስ አይሰጥም፤ ጸሐፊውንም አይጋፈጥም። ዛሬን መጻፍ ከዛሬ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ነው። በዓሉ የከፈለውን ዋጋ ማንም ከማንም ሊጠይቅ አይችልም። ሆኖም በዓሉን በየመድረኩ እያወደሱ፣ በዓሉ ያደረገውን፣ ማለትም የገዛ ዘመኑን በገዛ ዘመኑ መጻፍን፣ ፈጽሞ አለመሞከር ታማኝነት አይሆንም።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ይህ አቤቱታ በአንዳንድ የባህል ኃላፊዎች ጆሮ ሲገባ ወደ ትእዛዝ ሊለወጥ ይችላል። «ስለ ክፍለ ሀገር ጻፉ፣ ስለ ልማት ጻፉ፣ የሕዝቡን መልካም ገጽታ አሳዩ» የሚል መመሪያ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው መመሪያ በቀደመው ሥርዓት ተሞክሮ ነበር። ጀግናው ከመጀመሪያው ገጽ እንከን የሌለበት፣ ጠላቱም ከመጀመሪያው ገጽ የተፈረደበት ስንት መጽሐፍ ተጻፈ! ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። የወልቂጤ አንባቢ የሚሻው እንዲመሰገን አይደለም። ከተማው ከነጭቃዋ፣ ከነሐሜቷ፣ ከነርኅራኄዋ በሚያይ ዓይን እንድትታይለት ይፈልጋል። ወቀሳም ቢሆን በቅርብ ካየው ሰው የመጣ እንደሆነ ይቀበለዋል። ሩቅ ቆሞ ለሚያሞግሰው ግን ጆሮ የለውም።

ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ማኅበራዊ መገናኛው አንባቢውን ወሰደው የሚለውም ክርክር ይመርመር። የስልክ ብርሃን ብዙ ጊዜ እንደሚበላ የሚክድ የለም። ነገር ግን በሐምሌ ወር በጨለማ ምሽት አንድ ወጣት ስልኩን የሚያነሣው በእጁ ሌላ ነገር ስለሌለ ጭምር ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ይቆለፋል። ተማሪው ለፈተና በሚጨነቅበት ወራት ተከፍቶ የከረመው በር፣ ለራሱ ሊያነብ ነፃ በወጣበት ወራት ይዘጋበታል። ቁልፉ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ፣ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ፣ ልጁ ከበሩ ውጪ ቆሞ «ትውልዱ አያነብም» ማለት ግፍ ነው።

ይህን ለማረም የሚያስፈልገው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ በመንገድ ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ መርካቶ የሚነግደውም አገር ቤት ያለውም ከኪሱ አዋጥቶ፣ ወደ ትውልድ ቀዬው መንገድ ያስወጣ ሕዝብ ነው። መንግሥት እስኪያስታውሰው አልጠበቀም። መኪና የሚያልፍበትን መንገድ በመዋጮ ያስወጣ ሕዝብ መጽሐፍ የሚመጣበትን መንገድ ማስወጣት አያቅተውም። በየዓመቱ ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከየአቅጣጫው ወደ አገር ቤት የሚመለሰው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ከክትፎው ቅቤ፣ ለወላጆቹ ከሚይዘው ልብስ ጋር አንዳንድ መጽሐፍ ይዞ ቢመጣና ለየቀበሌው የንባብ ክፍል ቢያስረክብ፣ በሚቀጥለው ክረምት የሚለመን ውሰት ባልኖረ ነበር። ዕድር ድንኳንና ብረት ድስት እንደሚያከማች ሁሉ መጻሕፍትም ማከማቸት ይችላል።

የባህልና የትምህርት ኃላፊው ድርሻ ከሁሉ ይቀላል፤ ቁልፉን ከመሳቢያው ማውጣትና በሐምሌና በነሐሴ በሩን የሚከፍት አንድ ሰው መመደብ ነው። መምህሩ ያነበበውን ለባልደረባው ብቻ እያወጋ ከሚቀር ፍርዱን ጽፎ ወደ መጽሔት ይላክ፤ ሒስ የአዲስ አበባ ሰዎች ርስት አይደለምና። አሳታሚው በምረቃው ማግሥት ጥቂት ቅጂ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚደርስበትን መንገድ ያብጅ። ደራሲው ደግሞ ክረምቱን መጥቶ ይቀመጥ። ለንግግር፣ ለሽልማትና ለፎቶግራፍ መምጣቱ ይቅርና፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሳት ዳር ተቀምጦ ያዳምጥ። እናቶች ስለ ገጸ ባሕርዮቹ የሚጠይቁትን ይስማ።

በአፈርሳታ ሥርዓት ጎጆ ሲቃጠል ጥፋቱ በአንድ ሰው ላይ አስቀድሞ አይለጠፍም። የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ይጠራል፤ ሀብታሙም ድኻውም አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም በተራው ቃሉን ይሰጣል፤ የቀረም መቀጫ ይከፍላል። የንባብ ጎጆ ተቃጥሎ እንደሆነ የሚመረመረው በዚሁ ዓይነት ነው። እስከ ዛሬ ሜዳው ላይ የተገኘው አንባቢው ብቻ ነው፤ እርሱም የተዋሰውን መጽሐፍ ጋዜጣ አልብሶ በብብቱ ይዞ መጥቷል። ደራሲው፣ አሳታሚው፣ ሐያሲው፣ ቁልፍ ያዡ ኃላፊ ገና አልመጡም። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚጠብቃቸው ይኸው አንባቢ ነውና፣ መቀጫው ሳይበዛባቸው ይምጡ።